ቤት ሲገዛ፦ ግቢ፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ አፓርታማ?

አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ውስጥ ከሚያወጣቸው ወጪዎች ሁሉ ከፍተኛው የመኖሪያ ቤት ግዥ ነው። የዓመታት ደመወዝ፣ የዕቁብ ብር፣ አንዳንዴም የእናት የወርቅ ጌጥና ከዘመድ የተገኘ ብድር በአንድ ቀን ፊርማ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ቤት ሲመርጡ የሚመለከቱት ሁለት ነገሮችን ብቻ ነው፤ ይኸውም ዋጋውንና ከውጭ የሚታየውን መልኩን። ቤቱን በየጠዋቱ የምትጠርገው፣ ውኃ የምታጠራቅምበት፣ እንጀራ የምትጋግርበትና ልጅ የምታሳድግበት እናት ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱን የምታየው ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው። ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ዓምዳችን በአዲስ አበባ ለገዥ የሚቀርቡትን የቤት ዓይነቶች በእርስዋ ዓይን ለማወዳደር እንሞክራለን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። በአገራችን ቤት የሚገዛ ሰው መሬት አይገዛም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ካደረገ ወዲህ የሚሸጠውና የሚለወጠው በቦታው ላይ የተሠራው ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለሆነም ገዥ ቤቱን ሲያወዳድር ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳው የቆመበትን ወረቀትም አብሮ ማወዳደር አለበት።

ለማነጻጸር እንዲያመች አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንያዝ። ባል መምህር፣ ሚስት በጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው እንበል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት አያትም አብረዋቸው ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች በያዙት ብር በአንድ ነባር ሠፈር ውስጥ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም፣ ወይም ገና በመሠራት ላይ ያለ አፓርታማ መግዛት ይችላሉ። የትኛው ይሻላቸዋል?

ግቢ ያለው ቤት ለእናት ብዙ ነገር ያቀልላታል። በርበሬ ይሰጣበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ ለበዓል በግ ይታሰርበታል። ሐዘን ወይም ሠርግ ሲመጣ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ። ልጆች ከዓይን ሳይርቁ ይጫወታሉ። ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት የተለየ ስለሆነ ጭስና ሽታ ወደ መኝታ ክፍል አይገባም። አያትም ደረጃ ሳይወጡ ፀሐይ መሞቅ ይችላሉ። ሰርቪስ ክፍሎች ካሉት ደግሞ አንዱን አከራይቶ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ መደጎም ይቻላል።

ነገር ግን በነባር ሠፈሮች ውስጥ የሚገኙት ብዙዎቹ ቤቶች በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭድ ጭቃ የተሠሩ ናቸው። ጭቃ ቤት በራሱ መጥፎ ቤት አይደለም። ብርድንም ሙቀትንም ይቋቋማል፤ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይኖራል። ችግሩ ያለው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። የድንጋይ መሠረት ከሌለው ቋሚው እንጨት ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባዋል። ሻጮች ይህን በሲሚንቶ ልስንና በአዲስ ቀለም ይሸፍኑታል። ገዥ ግድግዳውን ከታች በኩል በጣቱ ያንኳኳ፤ ልስኑ ከጭቃው ተለያይቶ ከሆነ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በማዕዘን በኩል ቋሚውን በሚስማር ወጋ ማድረግም ነው። ሚስማሩ እንደ ቅቤ ከገባ የሚገዛው ቤት ሳይሆን የፈረሰ ቤት ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የመጸዳጃው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ የግል ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር የጋራ? ሲሞላ የመምጠጫው መኪና በመንገዱ ሊገባ ይችላል? መኪና በማይገባበት ቀጭን መንገድ ውስጥ ያለ ቤት ውስጡ ምንም ቢያምር ክረምት ሲመጣ የእናትየው ራስ ምታት ይሆናል።

የወረቀቱ ጉዳይ በዚህ ዓይነት ቤት ከበድ ይላል። ቦታው ነባር ይዞታ ከሆነ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ በሽያጩ ዋጋ ላይ የማይነገር ተጨማሪ ወጪ ነው። በተጨማሪም ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተመደበ መጠየቅ ይገባል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በሌሎችም ሠፈሮች የተነሡ ቤቶች መኖራቸውን ሁሉም ያውቃል። ስለሆነም ጥያቄው በሠፈር ወሬ ሳይሆን በክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት መልስ ማግኘት አለበት።

ወደ ኮንዶሚኒየም እንምጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ ተጀምሮ ወደ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ የተስፋፋው ይህ የጋራ መኖሪያ ቤት ለብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ፣ በተለይም ቤተሰብ ለሚያስተዳድሩ ሴቶች፣ የመጀመሪያው የራስ ቤት ሆኗል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ነው። መጸዳጃና መታጠቢያው ውስጥ ስለሆነ ሌሊት ልጅ ይዞ ወደ ውጭ መውጣት የለም። ይህን የሚያቃልል ሰው በጋራ ሽንት ቤት ልጅ አሳድጎ የማያውቅ ሰው ነው።

ሆኖም ብዙዎቹ ብሎኮች ጂ+4 ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አያስቸግርም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ለቀን 5 ጀሪካን የሚያስፈልገው ቤተሰብ 100 ኪሎ ውኃ ወደ አራተኛ ፎቅ ይሸከማል ማለት ነው፤ የሚሸከመውም ብዙውን ጊዜ እናት ወይም ልጅ ነው። ስለዚህ ገዥ መጀመሪያ የሚጠይቀው የክፍሎቹን ብዛት ሳይሆን ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እስከ ላይኛው ፎቅ እንደሚደርስና ብሎኩ የራሱ ሮቶና መግፊያ ሞተር እንዳለው መሆን አለበት። ጠያቂዋ ይህን ከደላላው ሳይሆን በደረጃው ላይ ከምታገኛት ነዋሪ ትጠይቅ። ሦስት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ መልሱም እውነተኛ ነው።

ምድር ቤት ለጉልበት ሕመምተኛ አያት ይመቻል። ነገር ግን የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚመለሰው ወደ ምድር ቤት ስለሆነ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል መታየት ይኖርበታል። የመጨረሻው ፎቅ ጸጥታ አለው፤ ጣራው ሲያፈስ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ እርሱ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመነጨው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ሲሰማ ንዝረቱ ይበልጥ የተሰማው በላይኛው ፎቅ ለሚኖሩት ነበር።

የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ጠባብ ነው። ከፍተኛ ኃይል የሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሰካበት መስመር በቂ መሆኑን፣ ጭስና እንፋሎት የሚወጣበት መስኮት መኖሩን ማየት ይገባል። ለከብት ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራው የጋራ ቤት ለታለመለት ሥራ ይውላል ወይስ ተከራይቷል? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃው፣ ጣራውና ኮሪደሩ የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት መሆኑን፣ ባለቤቶቹም በማኅበር እንዲያስተዳድሩት ወስኗል። ማኅበሩ በወር ስንት እንደሚሰበስብ፣ በተሰበሰበውም ምን እንደሠራ መጠየቅ የገዥ መብት ነው። የደረጃው አምፖል ከሌለ ማኅበሩም የለም።

ርቀትም ዋጋ ነው። ነርሷ እናት ከየካ አባዶ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥታ መሀል ከተማ ለመግባት የምታጠፋው ሰዓት ከእንቅልፏና ከልጆቿ ጥናት ላይ የሚቀነስ ነው። በግዥ ዋጋ የተቆጠበው ብር በታክሲና በልጅ ጠባቂ ቀስ በቀስ ይወጣል።

በኮንዶሚኒየም ግዥ ትልቁ አደጋ ግን የውክልና ሽያጭ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን በ5 ዓመት ውስጥ መሸጥ ስለተከለከለ አንዳንዶች ብሩን ተቀብለው ለገዥው ውክልና ይሰጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም ውክልናው ይቋረጣል። ሻጩ ዛሬ ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገ ከዚህ ዓለም ቢለይ ግን ገዥዋ የምትከራከረው ከማታውቃቸው ወራሾች ጋር ነው፤ በእጇ ያለው ወረቀትም የሞተ ወረቀት ይሆናል።

ስለ አዳዲሶቹ የሪል እስቴት አፓርታማዎች ብዙ አንልም። አሳንሰር፣ ጄኔሬተርና የመኪና ማቆሚያ አላቸው፤ ለእነዚህም በየወሩ ክፍያ አለ፤ ክፍያው ለሠራተኛ ደመወዝ ቀላል አይደለም። ሁለት ጥያቄዎች ግን አይታለፉም። የመጀመሪያው የካሬው ጉዳይ ነው። በውል ላይ 100 ካሬ ተብሎ የተጻፈው የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሚገባበት የውስጡ ስፋት ብቻውን ተለክቶ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ቤቱ ገና ካልተሠራ የቦታው ካርታና የግንባታ ፈቃድ በማን ስም እንደሆነ፣ ቦታው ለባንክ ዕዳ መያዙንና አለመያዙን፣ የርክክቡ ቀን ቢያልፍ ሻጩ ምን እንደሚከፍል፣ የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ መኖሩን ማንበብ ነው። የቤት ኪራይ እየከፈሉ ለሚቀጥሉ ወላጆች የአንድ ዓመት መዘግየት የአሥራ ሁለት ወር ኪራይ ማለት ነው።

በርካሽ የሚቀርቡ ሌሎች ሁለት ዓይነት ቤቶች አሉ፤ ገዥ ባይነካቸው ይሻላል። አንደኛው የቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ተከራዩ የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ለቁልፍ ተብሎ የሚሰጥ ብር ባለቤት አያደርግም። ሁለተኛው የጨረቃ ቤት፣ ማለትም ካለ ፈቃድ በሌሊት የተሠራ ቤት ነው። ሲፈርስ ካሳ አይጠየቅበትም።

ያሰብነው ቤተሰብ እንግዲህ የትኛውን ይግዛ? በእኛ አስተያየት የአያትን ጉልበትና የነርሷን የሥራ ሰዓት ከግምት ስናስገባ፣ ወረቀቱ የጠራ እስከሆነ ድረስ፣ ለሥራ ቦታዋ ቀረብ ያለ አሮጌ ኮንዶሚኒየም፣ ያውም አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከሁሉም ይሻላቸዋል። የጠራ ካርታና ደኅና መሠረት ያለው ግቢ ከተገኘ ግን እርሱን ማስቀደም ነው። አፓርታማውን የሚጠብቁበት ትርፍ ገንዘብ የላቸውም።

የትኛውም ቢመረጥ ቤቱን አንድ ጊዜ በማታ፣ ከተቻለም አንድ ጊዜ በዝናብ ማየት ያስፈልጋል። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይጣራ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ፊት ይፈረም፤ በደላላ ቤት የተፈረመ ወረቀት አይበቃም። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ በውሉ ላይ ቢጻፍ፣ ሽያጩ የፈረሰ ቀን ገዥ ማስረጃ የሚሆነው የተጻፈው ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጥረዋል፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ይህ ለገዥም ለሻጭም ይሠራል። የሻጩ ሚስት ያልፈረመችበት ሽያጭ በኋላ ክስ ሊያስነሣ ስለሚችል የሻጩ የጋብቻ ወይም ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠየቅ። በገዥ በኩል ደግሞ ሚስትየዋ መታወቂያዋንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ይዛ ከባልዋ ጋር ትቅረብ፤ ካርታው ሲዛወርም የሁለቱም ስም ተጽፎ እንደሆነ ከመስኮቱ ሳትነሣ አንብባ ትረከብ።