በምድጃ ዳር የሚገኝ ትምህርት፤ የእንግዳ ሰው የወጥ ቤት ልምምድ በእብናትና በደብረ ታቦር አገር

ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር የሚቀመጥ ሰው የዚያን አገር ቋንቋ ለመማር እንደሚተጋ ሁሉ፥ ምግቡንም ማብሰል ለመማር የሚፈልግበት ጊዜ አለ። በብዙ አገሮች ይህ ትምህርት የተወሰነ ሰዓት፥ የተወሰነ ዋጋና የተጻፈ መመሪያ አለው። በደቡብ ጎንደር፥ በደብረ ታቦርና በእብናት አካባቢ ግን የወጥ ቤት ዕውቀት የሚተላለፍበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ልዩነቱንም ቋንቋው ራሱ ያመለክታል። «ሙያ» የሚለው ቃል በጠቅላላው የሥራ ችሎታ ማለት ሲሆን፥ ስለ ሴት ሲነገር በተለይ የምግብና የመጠጥ ዝግጅትን ችሎታ ያሳያል። «ባልትና» ደግሞ ባልቴት ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ዕውቀቱ በዕድሜና በልምድ የሚገኝ መሆኑን ከስሙ መረዳት ይቻላል።

በዚህ አገር የውጭ ሰው መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ዓመታት፥ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፥ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለዐፄ ቴዎድሮስ የሠሩት አውሮጳውያን ይኖሩ ነበር። ከነዚህም አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፥ እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወለዳትን ልጅ አግብቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት የአገሩ ምግብ የሚገባው በጋብቻ በኩል ነው። ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ የተላኩት አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች ደግሞ፥ ብዙዎቹ ምግብ የሚሠራላቸው ሰው ቀጥረው ይኖሩ ነበር። አንዱ በዝምድና፥ ሌላው በደመወዝ ከማዕዱ ተካፈለ፤ ማዕድ መቅረብና ጓዳ መግባት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «አስተምሪኝ» ብሎ ወደ ጓዳ የሚገባው እንግዳ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ነው።

ይህን ሰው የቤቱ እመቤት የምታስተናግደው እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው። የገበሬ ልጅ ሙያ ስትማር በመጀመሪያ ውሃ ትቀዳለች፥ እህል ትለቅማለች፥ እሳት ታነዳለች፤ ቀጥሎ ወጥ ታማስላለች፤ ሊጥ ማቡካትና ቅመም መመጠን የሚፈቀድላት በመጨረሻ ነው። እንግዳው ግን ከመጨረሻው ሊጀምር ይመጣል። ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ሲጠይቅ ሽንኩርት እንዲልጥ ይታዘዛል። «ስንት በርበሬ ይጨመራል?» ሲል «በልኩ» የሚል መልስ ያገኛል። ወንድ ከሆነም፥ በባህሉ ጓዳ የሴት ስፍራ ስለሆነ ጎረቤት ይስቅበታል፤ ነገር ግን «ልጄ» ተብሎ ሲጠራ ነውሩ ይቀርለታል፤ ልጅ ጓዳ ቢገባ የሚፈርድበት የለምና።

«በልኩ» የሚለው መልስ ዕውቀትን ለመደበቅ የሚነገር አይደለም። የእንጀራን አሠራር ብንመለከት ምክንያቱ ይገለጣል። የጤፍ ዱቄት ተነፍቶ በውሃና በእርሾ ቡሃቃ ውስጥ ይቦካል፤ ሊጡ ከተብላላ በኋላ ከላይ ያረፈው ውሃ ይቀዳል፤ ከሊጡም ጥቂቱ በፈላ ውሃ አብሲት ተጥሎ ወደ ቀሪው ይመለሳል። መመሪያ የሚጽፍ ሰው «ሦስት ቀን ይቆይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር ብርድ የሚቆይበት ጊዜና፥ ከርሷ ዝቅ ባለችው በእብናት ሙቀት የሚቆይበት ጊዜ እኩል አይደለም። በደብረ ታቦር ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ ባቄላና አተርም በቆላ ከሚፈልጉት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባለሙያዋ ቀን አትቆጥርም፤ ምልክት ታያለች። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱን ታሰማለች፥ በጎመን ዘር ታሰሳለች፥ ከዳር ጀምራ ወደ መካከል ታዞራለች፥ ዐይን ሲያወጣም አክንባሎውን ትደፋለች። ለወጥም እንዲሁ፥ ያለ ቅባት የሚታመሰው ሽንኩርት ውሃውን መጨረሱ በሚሰጠው ድምፅ ይታወቃል፤ የቁሌቱ መብሰል በመልኩና በሽታው ይለያል። እንግዳው ሊማር የሚገባው መጠኑን ሳይሆን ይህን ምልክት ነው።

ከምልክቱ ጋር ዘመን መቁጠርንም ይማራል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ረቡዕና ዓርብ፥ የሁዳዴም 55 ቀን ይጾማል፤ በዓመት ውስጥ ምእመናን የሚጾሙት ወደ 180 ቀን ይደርሳል። በእነዚህ ቀኖች ቅቤ፥ ሥጋና እንቁላል ወደ ድስት አይገቡም። ዓርብ ዕለት ዶሮ ይዞ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያ ትምህርቱ ዶሮዋን አስሮ እሑድን መጠበቅ ነው። እሑድም ቢሆን ዶሮዋን የሚያርድ ወንድ መጠራት አለበት፤ እርሱም የቤቱ ሃይማኖት ተከታይ መሆን ይገባዋል፤ በአገሩ ያሉ ክርስቲያንና እስላም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላምና። ከዚያ በኋላ ዶሮዋ በዐሥራ ሁለት ብልት ትከፈላለች፤ ብልቱን ሳያበላሹ ማውጣትም የሙያ ዋና መለያ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ ወጥ ለመማር የመጣው ሰው የቤተ ክርስቲያንን የጾም ሥርዓትና የጎረቤትን ወሰን ሳያውቅ መማር አይችልም።

ለዚህ ትምህርት ዋጋ መክፈል ያስቸግራል። ገንዘብ ቢሰጥ እመቤቲቱን ወደ ቅጥር ሠራተኛነት ያወርዳል፤ ስለዚህ ብድሩ በቡና፥ በስኳር ወይም በበዓል ስጦታ ይመለሳል። ነገሩ በእብናት ሌላም ክብደት አለው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ እብናት የብዙ ተረጂዎች መጠለያ ነበረች፤ በሚያዝያ ወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመጠለያው በግድ እንዲወጡ ተደርጎ ጎጆዎቻቸው ተቃጥለዋል። በዚያ ዘመን የውጭ ሰው በአካባቢው የታወቀው እህል ሰፋሪ ሆኖ ነው፤ ባለሙያዋ ሴት ምድጃዋን ትታ በሰልፍ ቆማ ከእንግዳ እጅ ተቀበለች። ዛሬ እንግዳው በበርጩማ ተቀምጦ «እማማ፥ ይህ በቅቶታል?» ብሎ ሲጠይቅ፥ አዋቂዋ እርሷ፥ ጠያቂው እርሱ ይሆናል። የሚቀምሰውም ከቸርነት ሳይሆን ከእንግዳ ተቀባይነት ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያንም ይደርሳል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ በብዛት ወደ ውጭ አገር የተሰደዱት ሰዎች በኤሌክትሪክ ምጣድ፥ ጤፍ ባልተገኘበትም ጊዜ በስንዴና በገብስ ዱቄት እንጀራ ለመጋገር ተገደዋል። በአሜሪካ በአይዳሆ፥ ቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረው ዌይን ካርልሰን ጤፍ ዘርቶ ለገበያ ማቅረቡ ችግሩን አቃለለ፤ ሆኖም እህሉ ሲገኝ ባልትናው አብሮ አልተገኘም። በባዕድ አገር የተወለደችው ልጅ ከእናቷ ጎን ካልተቀመጠች የምትማረው ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም «ሦስት ቀን» ይላታል፤ የቤቷ ሙቀት ግን የደብረ ታቦር አይደለም።

ስለዚህ የአገሩን ምግብ ለመመዝገብ የሚነሣ አጥኚ የኩባያና የማንኪያ ቁጥር ብቻ ሰብስቦ ቢመለስ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለዋወጣል፤ የሊጡ ኩፍ ማለት፥ የእንጀራው ዐይን፥ የሽንኩርቱ ድምፅ ግን በእብናትም በአይዳሆም ያው ነው። እነዚህንም ለማየትና ለመስማት አጥኚው ራሱ ሽንኩርት ከመላጥ መጀመር ይኖርበታል።