የጡረታ መብት የሚጀምረው በመጀመሪያው የቅጥር ቀን ነው



የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን ስለ ጡረታ እንደሚሆን ለጓደኞቻችን በነገርናቸው ጊዜ ያገኘነው መልስ ሳቅ ነበር። «ገና ደመወዝ ሳንቀምስ ስለ ጡረታ?» ያለን አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ይህንንስ ለመምህራኖቻችን ተዉላቸው፤ የቀረባቸው እነርሱ ናቸው» አለን። እኛም ስቀናል። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው፣ ስለ ጡረታ ፈጥኖ ማወቅ የሚገባው ሽማግሌው ሳይሆን ገና ሊቀጠር የተዘጋጀው ወጣት ሆኖ አገኘነው። ለምን ቢባል፣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የሚወሰነው ነገር አብዛኛው የሚጻፈው በመጀመሪያው የቅጥር ቀን በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳን የአንዲት እናት ጉዳይ ነው። እኚህ እናት ከመካከላችን የአንዱ ጎረቤት ናቸው። ባለቤታቸው በመቂ አካባቢ ለ26 ዓመታት ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ሲቀጠሩ ወንደላጤ ስለነበሩ በቅጹ ላይ «ያላገባ» ተብሎ ተጻፈ። በኋላ በሽማግሌ፣ በአገር ወግ ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። ቅጹ ግን እንዳለ ቀረ። መምህሩ በሕመም ሲሞቱ፣ በግል ማኅደራቸው ውስጥ ሚስት የሚባል ሰው የለም! በዚያም ላይ የእናትየዋ ስም በቀበሌ መታወቂያቸው አንድ ዓይነት፣ በልጆቹ የልደት ካርድ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። «ማስረጃ ያምጡ»፣ «ፍርድ ቤት ያረጋግጥ»፣ «ምስክር ይቅረብ» እየተባለ ከመቂ አዳማ፣ ከአዳማ መቂ ሲመላለሱ አሥራ አንድ ወር አለፈ። በመጨረሻ መብታቸው ተከበረ፤ ውዝፉም ተከፈላቸው። ነገር ግን በዚያ ዓመት ትልቁ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። ውዝፍ ገንዘብ ይከፈላል፤ ያለፈ የትምህርት ዓመት ግን በውዝፍ አይመለስም።

እንግዲህ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት።

ሀ. ጡረታ ምጽዋት አይደለም

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ ተደራጅቶ የቆመው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌና ይህንኑ ባጸናው አዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ሲሆን፣ አስፈጻሚውም የመንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ከሠራተኛው ደመወዝ 4 ከመቶ ይቆረጥ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ 6 ከመቶ ይጨምር ነበር። ዛሬ የሲቪል ሠራተኛው መዋጮ 7 ከመቶ፣ የአሠሪው መሥሪያ ቤት መዋጮ 11 ከመቶ ነው። በጠቅላላው ከደመወዙ 18 ከመቶ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ወደ ጡረታ ፈንዱ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ የጡረታ አበል ሰው ሲያረጅ ከርኅራኄ የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። ከላቡ የተቆረጠ መብቱ ነው። መብቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ አይለምንም፤ ቀና ብሎ ይጠይቃል።

ለ. ማን ያገኛል?

ሁለት ቁጥሮችን መያዝ ያስፈልጋል፤ እነርሱም 60 እና 10 ናቸው። የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ዓመት ነው። አንዳንድ ሰዎች ዛሬም «55 ሲሞላኝ እወጣለሁ» ሲሉ የሚሰማው በቀድሞው ሕግ ይሠራበት ከነበረው ዕድሜ የቀረ ልማድ ነው። ሁለተኛው የአገልግሎት ዘመን ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ዕድሜው ለጡረታ የደረሰ ሠራተኛ እስከ ዕድሜ ልኩ በየወሩ የጡረታ አበል ይከፈለዋል። ዕድሜው ደርሶ አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ሰው ግን የሚያገኘው ዳረጎት ነው፤ ይህም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ክፍያ ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ጓደኞቻችን ዘንድ ያየነውን ስሕተት እናርም። «10 ዓመት ከሞላኝ ሥራ ለቅቄ በማግሥቱ አበል እቀበላለሁ» ማለት አይደለም እኮ! ከዕድሜ በፊት ሥራ ለሚለቁ ሰዎች ሕጉ እንደ አገልግሎታቸው ርዝመትና እንደ ስንብታቸው ምክንያት የተለያየ ድንጋጌ አለው። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት መጠየቅ ነው።

ሌላው ጥያቄ፣ «በግል ትምህርት ቤት ያስተማርኩትስ?» የሚል ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። የአዳማ የግል ት/ቤት መምህርም ሆነ የባቱ (የዝዋይ) የአበባ እርሻ ሠራተኛ ከዚያ ወዲህ መዋጮ ይከፍላል፤ ከግል ወደ መንግሥት ሲዛወርም መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎቱ ይያዝለታል። ይህ የሚሆነው ግን መዋጮው በእርግጥ ገቢ ተደርጎ ሲገኝ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማስረጃ ይዞ መውጣት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሐ. ስንት ይሆናል?

ስሌቱ የሒሳብ መምህር አያስፈልገውም። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 ከመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ለሚሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል። የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ሲሆን፣ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። አንዲት መምህርት በ22 ዓመቷ ተቀጥራ በ60 ዓመቷ ጡረታ ወጣች እንበል፤ አገልግሎቷ 38 ዓመት ነው። 10 ሲቀነስ 28 ይቀራል፤ 28 በ1.25 ሲባዛ 35 ይሆናል፤ 30 ሲደመርበት 65 ከመቶ። አማካይ ደመወዟ ለስሌት እንዲመች 10,000 ብር ቢሆን፣ አበሏ በወር 6,500 ብር ይሆናል ማለት ነው። 70 ከመቶ ለመድረስ ደግሞ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ብቻ ነው በ60 ዓመቱ ጣሪያውን የሚነካው። እንግዲህ በመሃል የሚቋረጥ፣ ማስረጃው የሚጠፋ እያንዳንዱ ዓመት ዋጋ እንዳለው ልብ በሉ።

መ. ለትዳር ጓደኛና ለልጆች

አበል የሚያገኝ ጡረተኛ፣ ወይም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ሲሞት፣ መብቱ ለተተኪዎቹ ያልፋል። ተተኪ የሚባሉት የትዳር ጓደኛ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ እንዲሁም በሟቹ ይጦሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው።

ለትዳር ጓደኛ የሚከፈለው የሟቹ አበል 50 ከመቶ ነው። ይህ ለሚስት ብቻ አይደለም። መምህርቷ ብትሞት ባልየውም ተተኪ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ከመቶ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ 15 ከመቶ ይከፈላል። ሁሉም ተደምሮ ከሟቹ አበል መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ከየድርሻው ተመጣጥኖ ይቀነሳል።

ከላይ ባነሣነው ምሳሌ መምህርቷ ባልና ሁለት ትንንሽ ልጆች ትታ ብትሞት፣ ባልየው 3,250 ብር፣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው 1,300 ብር፣ በድምሩ 5,850 ብር በወር ያገኛሉ። ልጆቹ ሦስት ቢሆኑ ድምሩ 110 ከመቶ ስለሚሆን ወደ 100 ይወርዳል።

ተፋትቶ የሄደ የትዳር ጓደኛ ተተኪ አይደለም። ተተኪ የሆነ የትዳር ጓደኛም እንደገና ሲያገባ፣ እንደ ዕድሜው ሁኔታ አበሉ ሊቋረጥ ስለሚችል ለውጡን ማስታወቅ ግዴታው ነው። ሸሽጎ የተቀበለ ሰው ኋላ መልስ ይባላል።

ሠ. ታዲያ ከአሁኑ ምን እናድርግ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ብዙ ሰው የሕይወት ታሪክ ቅጹን የሚሞላው ደመወዙ እንዳይዘገይበት በጥድፊያ ነው። እኛ ግን የሚከተሉትን አራት ነገሮች ልብ እንበል።

አንደኛ፣ የትውልድ ዘመን። ለጡረታ የሚያዘው በመጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ ነው፤ በኋላ የሚመጣ የዕድሜ ማሻሻያ ተቀባይነት የለውም። በተለይ የኛንና የፈረንጆችን አቆጣጠር መቀላቀል አደገኛ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቁጥሩን በፈረንጆች አቆጣጠር በተዘጋጀ ቦታ ላይ ቢጽፍ በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ይሆናል። ገና በ52 ዓመቱ «ዕድሜህ ደርሷል» ቢባል ማንን ይከሳል?

ሁለተኛ፣ ስም። በኦሮሚያ የምንኖር ሰዎች ስማችን በቁቤ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይጻፋል። ጫልቱ የምትባል እኅታችን ስሟ በቁቤ አንድ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። ድምፁ አንድ ነው፤ መዝገብ ቤት ግን የሚያየው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። ስለሆነም በዲፕሎማው፣ በመታወቂያው፣ በቅጥር ደብዳቤውና በቅጹ ላይ ያለው አጻጻፍ እንዲመሳሰል ከወዲሁ ማስተካከል ይበጃል።

ሦስተኛ፣ ጋብቻ። በባህልም ይሁን በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በማዘጋጃ ቤት የተፈጸመ ጋብቻ ሕጋዊ ነው። ሆኖም ሕጋዊ መሆን አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ማስረጃ መያዝ ሌላ ነገር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው ይካሄዳል። ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ሙሽሮች ለፎቶግራፍና ለድንኳን ያን ያህል ሲደክሙ፣ ለአንዲት ወረቀት ግማሽ ቀን ቢሰጡ ምን አለበት?

አራተኛ፣ ለውጥን ማሳወቅ። ትዳር ሲመሠረት፣ ልጅ ሲወለድ፣ ፍቺ ወይም ሞት ሲደርስ፣ ማስረጃውን ይዞ ቅጹን ማሟላት። የያንዳንዱን ወረቀት ቅጂም ቤት ውስጥ ማስቀመጥና ያለበትን ቦታ ለትዳር ጓደኛ ማሳየት። የጡረታ ጥያቄ የይርጋ ገደብ ስላለው፣ መብት አለኝ ብሎ ዝም ብሎ መቀመጥም ያስቀጣል።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፤ እናንተም የግል ማኅደራችሁን ከፍታችሁ ካያችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ? ዕጩ መምህራን ጓደኞቻችንስ፤ ነገ ሞጆም፣ አርሲ ነገሌም፣ ሻሸመኔም ስትመደቡ በመጀመሪያው ቀን ያንን ቅጽ በእጃችሁ ስትይዙ ያቺን የመቂ እናት አስቧት። እርሳቸው አሥራ አንድ ወር የተመላለሱበትን ጉዳይ፣ ባለቤታቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሱት ይችሉ ነበር።

የግድግዳ ጋዜጣው ዝግጅት ክፍል