ውሻችንና አስፋልቱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጊንጪ በኩል አምቦ የሚገባው፣ በጉደር አድርጎም ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው አስፋልት ጋሪው፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው የሚጋፉበት ነው። መንገዱ ዳር ያደገ ውሻ ቆም ብሎ ሰው ሲሻገር ተከትሎ ይሻገራል። በገበያ ቀን ባለቤቱን ተከትሎ ከገጠር የመጣው ግን ጡሩምባ ሲሰማ ደንግጦ መሀል መንገድ ይገባል።

ውድ አንባቢያን! ልዩነቱ የትምህርት ነው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ 4ኛ አንቀጽ ስለ አዳኝ እንስሳት ሲያወሳ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ካሳወቀን የምናስተምራቸው መሆናቸውን ይገልጻል።

መኪና እያሳደደ የሚጮኸውን ውሻ እንውሰድ። መኪናው ሁልጊዜ ያልፋልና ያባረረው ይመስለዋል፤ በማግስቱም ይደግመዋል። ዱላ ይህን አያስተወውም። በአጭር ገመድ ይዞ ከመንገዱ ራቅ ብሎ መቆም፣ መኪና ሲያልፍ ዝም ካለ ቁራሽ መስጠት፣ ከቀን ወደ ቀን ጠጋ ማለት ነው። በቡችላነቱ ቢጀመር ይቀላል። ስለ ምራቁ የሚጠነቀቅ ቤተሰብ ቁራሹን መሬት ላይ ይጣልለት፤ ደረቅ ገመድ መያዝ ውዱእ አያበላሽም።

የልጆች ድንጋይ ግን ይህን ሁሉ ያፈርሳል። ከኋላው የተወረወረበት ውሻ ወደ ጎማው ይሮጣል፤ እሱን ላለመግጨት መሪ የሚጠመዝዝ ሹፌርም እግረኛ ላይ ሊወጣ ይችላል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

የተገጨ ውሻ ከሕመሙ የተነሳ ባለቤቱንም ይነክሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።