ለቤትዎ ሻወር የትኛው ፓምፕ ይሻላል?

በሀዋሳ በብዙ ግቢ ውስጥ በብረት ማማ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ማየት የተለመደ ነው። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ቤተሰቡ የሚታጠበው ከዚሁ ነው። ነገር ግን ሻወሩ ሲከፈት ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። በቧንቧ ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ ‹‹የትኛውን ፓምፕ ልግዛ?›› የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል።

በመጀመሪያ ግን ፓምፕ ያስፈልግዎት እንደሆነ ያረጋግጡ። የሻወሩን ራስ ፈትተው ቧንቧውን ይክፈቱት። ውሃው በደንብ ከወረደ ጥፋቱ በደለልና በኖራ የተደፈነው የሻወር ራስ ነው፤ በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማጽዳት ይበቃል። የዛገ አሮጌ የብረት ቧንቧ ከሆነም ፓምፕ አያድነውም።

ግፊት የሚገኘው ከከፍታ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። የሮቶው ውሃ ከሻወሩ ራስ በ2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.2 ባር ነው። ደስ የሚል ሻወር ግን 1 ባር ያህል ይፈልጋል። ማማውን በ2 ሜትር ማስረዘም የሚጨምረው 0.2 ባር ብቻ ስለሆነ ፓምፕ ይመረጣል።

ሲገዙ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ‹‹35 ሜትር፣ በደቂቃ 35 ሊትር›› ቢል ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያገኙም። ውሃውን እስከ 35 ሜትር ሲገፋ ፍሰቱ ዜሮ ይሆናል። አንድ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ስለሚበቃው፣ አንድ መታጠቢያ ላለው ቤት ግማሽ የፈረስ ጉልበት በቂ ነው። ሁለት መታጠቢያ ላለው ፎቅ ቤት እስከ 1 የፈረስ ጉልበት ይታሰብ። ከዚያ በላይ ትርፍ ወጪ ነው።

ውሃውን ከመሬት በታች ካለ ጉድጓድ የምትስቡ ሌላም ነገር አለ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ነው። ‹‹8 ሜትር ይስባል›› የተባለ ፓምፕ እዚህ 6 ሜትር ያህል ቢስብ ነው።

ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ፣ ሲዘጋ የሚቆም፣ ውሃ ሲያልቅም የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው ይምረጡ። ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ ቶሎ ይቃጠላል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይትከሉት፤ የመሬት ሽቦውም በባለሙያ ይታሰር። የፀሐይ ማሞቂያ ያላችሁ ደግሞ ታንከሩ ግፊት የሚችል መሆኑን ሳታጣሩ ፓምፕ አታገናኙበት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ፓምፑን ከቆጣሪው በቀጥታ አታገናኙ። እንዲህ ሲደረግ የጎረቤት ቧንቧ ይደርቃል። መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድም በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ይገባል፤ ያንን የሚጠጡት ደግሞ የእናንተም የጎረቤትም ልጆች ናቸው። ውሃው በራሱ ጊዜ መሬት ላይ ወዳለ ታንከር ይግባ፤ ፓምፑ ከዚያ ይሳብ። ተጨማሪው ታንከር ገንዘብ ቢጠይቅም ከሕመም ይረክሳል።