ክርስቲያኖችና ኢአማኞች በጋምቤላ

በጋምቤላ ከተማ፣ በርካታ ኑዌሮች በሚኖሩበት በኒውላንድ ሰፈር፣ «አምላክ የለም» ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 17 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር።

ብዙው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ኢአማኒነትን ያወቀው ከጎረቤቱ ሳይሆን ከመንግሥት ነው። ደርግ ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን መመሪያው ካደረገ በኋላ በርካታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም እንዲሁ። ዛሬም ኢአማኒ ሲባል አንዳንዱ ምእመን ትዝ የሚለው የደርግ ካድሬ ነው። ይህ ፍርድ ግን ሚዛናዊ አይደለም፤ ምእመኑን ያሳደደው ጠመንጃ የያዘ ሥልጣን እንጂ አለማመን ብቻውን አልነበረም።

አሁን የማያምን ሰው ከመንግሥት ይልቅ የሚፈራው ቤተ ዘመዱን ነው። ሰርጉም ለቅሶውም በጸሎት ይከፈታል። መከባበሩ የሚፈተነውም እዚያው ነው፦ የማያምነው ጸሎቱ እስኪያልቅ ከሐዘንተኛው ጋር ዝም ብሎ ይቆማል፤ አስተዋይ አማኝም (ሁሉም እንዲህ ነው ማለት አይቻልም) «ለምን አሜን አላልክም?» ብሎ አያፋጥጠውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነትን የሚሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ ለሚያምነውም ለማያምነውም።