አንድ የባሕር ትል ስም እስኪያገኝ

ሰቆጣ ተቀምጦ ስለ ባሕር ትል ማውራት ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ዋግ ኽምራ ገደልና ሸንተረር፣ ደጋና ቆላ እንጂ ባሕር የለውም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ባሕሩን በዓይናቸው ሳያዩት በምላሳቸው ያውቁት ነበር። ከአፋር ረባዳ ምድር እየተቆረጠ፣ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይወጣ የነበረው አሞሌ ጨው የደረቀ ባሕር ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደዚያ ዝቅተኛ ሜዳ ገብቶ ይተኛ ነበር፤ ሲደርቅም ጨዉን ትቶ ሄደ። በጨው ሜዳው ዳርቻ ድንጋይ ሆኖ የሚታየው የባሕር ኮራል ለዚህ ምስክር ነው። እንግዲህ ዛሬ የምናወራው ስለ ሩቅ አገር እንግዳ ሳይሆን ስለ ጨዋችን ጎረቤት ነው።

ጠጉራሙ ትል

ትል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን ዝናብ ሲዘንብ ከአፈር የሚወጣው ቀይ ትል፣ አለዚያም በልጆች ሆድ የሚገኘው ወስፋት ነው። የአፈሩ ትል በባሕር ለሚኖረው ለዚህ ትል የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ወስፋት ግን ፈጽሞ ከሌላ ወገን ነው። የባሕሩን ትል ሳይንቲስቶች «ፖሊኬታ» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ብዙ ጠጉር» ማለት ነው።

የዚህ ትል ሰውነት እንደ ሙስበሃ ዶቃ በተርታ በተሰደሩ ቀለበቶች የተሠራ ነው። በየቀለበቱ ግራና ቀኝ እግር መሰል አጫጭር ቅጥያዎች አሉት። ከቅጥያዎቹም ጠንካራ ጠጉሮች ይወጣሉ። ጠጉሮቹ የተሠሩት የአንበጣን ቅርፊት ከሚያጠነክረው ካይቲን ከሚባለው ነገር ነው። ትሉ በእነርሱ ይራመዳል፣ ይቆፍራል፣ ይቀዝፋል፣ አንዳንዱም ጠላቱን ይወጋል። እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የዚህ ወገን ዓይነቶች ከ11,000 በላይ ናቸው። ከመካከላቸው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አሉ፤ 3 ሜትር ያህል የሚረዝሙም አሉ።

«አዲስ» ማለት ምን ማለት ነው?

በጋዜጣና በሬዲዮ «አዲስ የእንስሳ ዓይነት ተገኘ» ሲባል ብዙ ሰው ያ ፍጡር ትናንት የተፈጠረ ወይም ማንም አይቶት የማያውቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር የባሕር ዳርቻ በአሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ትል አለ። ስሙ አሬኒኮላ ማሪና ይባላል። ዓሣ አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ይሰኩታል። እነዚሁ አጥማጆች ከሌላው የጠቆረውን፣ ጉድጓዱም የጠለቀውን «ጥቁሩ» እያሉ ለይተው ይጠሩት ነበር። ሳይንቲስቶች ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ጠቅልለው ኖሩ። ጥቁሩ አሬኒኮላ ዴፎዲየንስ ተብሎ የራሱን ስም ያገኘው በ1993 ነው። ታዲያ ማን ነው ያገኘው? አጥማጁ ያውቀው ነበር፤ ሳይንቲስቱ ደግሞ ልዩነቱን ሌላው ሰው ሊፈትሸው በሚችል መንገድ አስረዳ። «አዲስ» የተባለው ትሉ ሳይሆን ማስረጃው ነው።

በቀይ ባሕርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በኮራል ላይ የኖራ ቱቦ ሠርቶ የሚኖር ስፓይሮብራንከስ የሚባል ትል አለ። ስሙ «ጥምዝ ስንጥብ» እንደ ማለት ነው፤ ከቱቦው አፍ እንደ ላባ ያሉ ሁለት ጥምዝ አክሊሎችን አውጥቶ ይተነፍስባቸዋል፣ ምግቡንም ያጠምድባቸዋል። ጥላ ያለፈበት እንደሆነ በቅጽበት ወደ ውስጥ ይገባና በሩን በክዳን ይዘጋል። በ1766 ፓላስ የተባለ ሊቅ የካሪቢያን ባሕር ዘመዱን «ጂጋንቴየስ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ለረጅም ዘመን በሌላው ዓለም ባሕር የሚኖሩትም በዚሁ ስም ሲጠሩ ቆዩ። ኋላ ግን እየተለዩ መጡ። በ2018 ተመራማሪዎች በሰሜናዊ ቀይ ባሕር የሚገኙትን በመልካቸውም በዲ.ኤን.ኤ.ያቸውም መርምረው ከመካከላቸው አንዱን ስፓይሮብራንከስ አሎኒ ብለው በአዲስ ስም ጻፉት። ጠላቂዎች ሲያዩት የኖሩት ትል ስም ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ተመራማሪው መጀመሪያ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ እየገለበጠ ይፈልጋል፤ ወይም ጭቃውን እናቶቻችን ዱቄት እንደሚነፉት በወንፊት ያጥበዋል። ትሉ ሲነኩት የሚኮማተርና የሚበጣጠስ ስለሆነ በማግኒዥየም ክሎራይድ ውሃ ይደነዝዛል። ከዚያ በፎርማሊን ቅርጹ ይጸናል፤ ቀጥሎም በአልኮል ብልቃጥ ይቀመጣል። ይሁንና ፎርማሊን ቅርጹን ቢያጸናም ዲ.ኤን.ኤ.ውን ያበላሻል። ስለዚህ ከአካሉ ቁራጭ ቀድሞ ተወስዶ በንጹሕ አልኮል ብቻ ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ትዕግሥት ይጀመራል። በማይክሮስኮፕ ሥር ቀለበቶቹ ይቆጠራሉ። ዓይኖቹ ስንት ናቸው? መንጋጋ አለው ወይስ የለውም? ጠጉሮቹስ እንደ መንጠቆ ናቸው፣ እንደ ጦር ወይስ እንደ ሚዶ? በስንተኛው ቀለበት ላይ ቅርጻቸው ይለወጣል? ሁሉም በሥዕል ይነሣል። ቀጥሎም የዘመዶቹ ሁሉ መግለጫ፣ 200 ዓመት የሞላውም ቢሆን ተፈልጎ ይነበባል። ከማንኛቸውም ጋር አለመግጠሙ ሲረጋገጥ ብቻ ስም ይወጣለታል።

ስሙ ሁለት ቃል አለው፤ የወገኑና የራሱ። ይህን ሥርዓት ለእንስሳት ያጸናው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ቃሉ የግድ የላቲን መሆን የለበትም። የሊኔየስ ተማሪ ፎርስኮል በ1762 ቀይ ባሕር በደረሰ ጊዜ ለብዙ ዓሦች ስም ያወጣው ከዐረብ አጥማጆች አንደበት ሰምቶ ነው። እርሱ በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ጽሑፉን የጉዞ ጓደኛው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። «ቦሃር» እና «ጎባን» የሚሉት ቃላት ዛሬም የዓሦቹ ሳይንሳዊ ስም ሆነው ይኖራሉ።

ሰነዱስ?

በመድረሳ የተማረ ሰው ወሬ ሲሰማ «ሰነዱስ?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል። ማን ከማን ሰማ? የት? መቼ? እዚህም ሥርዓቱ ይቀራረባል። መግለጫው የቆመበት አንድ ናሙና «ሆሎታይፕ» ተብሎ ቁጥር ይሰጠውና በሙዚየም ይቀመጣል። በብልቃጡ ላይ ማን እንደሰበሰበው፣ ከየት ቦታ፣ ከምን ያህል ጥልቀት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የተጠራጠረ ሁሉ ሄዶ ብልቃጡን ሊያስከፍት ይችላል። ወረቀቱ የጠፋበት ትል ግን የሥጋ ቁራጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የዚህን ዋጋ የሚያሳይ ታሪክ በአካባቢያችን አለ። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ከ1820 ጀምሮ በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች እንስሳትና ዕፅዋት ሰበሰቡ። ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ። ኤረንበርግ ስብስቡን ይዞ በርሊን ገባ። ከስብስቡ ውስጥ የነበሩት የቀይ ባሕር ትሎች ግሩቤ በሚባል ሊቅ ተመርምረው የተገለጹት በ1860ዎቹ መጨረሻ ነው። ትሎቹ ከ40 ዓመት በላይ በብልቃጥ ጠበቁ ማለት ነው። ሰብሳቢው ቢሞትም የተሰበሰበው በጥንቃቄ ስለተያዘ ሥራው አልሞተም።

ምን ይጠቅመናል?

ቅድም ያነሣነው አሬኒኮላ ማሪና በደሙ ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን አስገራሚ ነው። አንዱ የሰው ሂሞግሎቢን 4 የኦክስጅን ሞለኪውል ሲሸከም የእርሱ እስከ 156 ይሸከማል። በፈረንሳይ ከዚህ የተሠራ ፈሳሽ፣ ለሌላ በሽተኛ የሚተላለፍ ኩላሊት እንዳይጎዳ ለማቆየት የሚያገለግል ሲሆን በ2022 የአውሮፓ ፈቃድ አግኝቷል። አንድ ስም ሁለት ፍጡር ከሸፈነ ግን ሐኪሙ የየትኛውን ደም እንደያዘ በምን ያውቃል?

ጉዳዩ ወደ ደጃችንም ይመጣል። በ2007 ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ ከአገራችን ውሃዎች አምስት አዳዲስ የጋራ ወገን ዓሦችን ገልጸዋል። እነዚህ ዓሦች ትንንሽ ናቸው። አንዱ ስሙን ያገኘው ከጣና ሐይቅ ነው። ሌላው ጋራ ገባ ይባላል፤ ስሙ የተከዜ ገባር ከሆነው ከገባ ወንዝ ነው። የዋግ ኽምራ ወንዞችም የሚወርዱት ወደዚያው ወደ ተከዜ ነው። ተከዜም በ2009 በተመረቀው ግድብ ምክንያት በከፊል ሐይቅ ሆኗል። ወራጅ ውሃ ሲቆም የሚኖርበት ፍጡር ሊለወጥ፣ ሊሸሽ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ስም ያለው ሲጠፋ «ጠፋ» ይባልለታል። ስም የሌለው ግን ቢጠፋም ጠያቂ የለውም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ከወንዝ ዳር ትል ወይም ዓሣ አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ «ዝም ብሎ ትል ነው» አትበሏቸው። እናንተም የማታውቁት ከሆነ አላውቀውም ማለት ነውር አይደለም። ደብተር ስጧቸውና የት እንዳዩት፣ በምን ቀን፣ ስንት እግር ወይም ክንፍ እንዳለው ይጻፉ፤ ሥዕሉንም ይሣሉ። ከዚያ በትምህርት ቤት ለሳይንስ መምህራቸው ያሳዩ። የሊቃውንቱም ሥራ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ትክ ብሎ ከማየትና ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ከመጻፍ።