የአእምሮ ታማሚን ትኩሳት ሲይዘው

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በምን ይሞታል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ሰው ሲጠየቅ «ራሱን ያጠፋል» ወይም «መኪና ይገጨዋል» ይላል። እንዲህ የሚሞትም አለ። የቡታጅራ ቁጥሮች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ፤ እሱን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡታጅራ በምትገኝበት በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን አነጋገሩ። ቡታጅራ የተመረጠችው ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአካባቢው ቀበሌዎች ልደትና ሞት የሚመዘግብ የጤና ፕሮግራም ነበር፤ ስለዚህ የታማሚውን ዕጣ ከጎረቤቱ ዕጣ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላር ወይም ከባድ ድብርት ያለባቸው 919 ሰዎች ተለይተው ለአሥር ዓመት ክትትል ተደረገላቸው።

ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. በአበባው ፈቃዱ መሪነት ታተመ። ከ919ኙ 121 ሰዎች ሞተዋል። ይህ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ከሚጠበቀው ሞት እጥፍ ነው። ሟቾቹ ከዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቀንሶባቸዋል። ይህ የአንድ ሙሉ ትውልድ ዕድሜ ነው። ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም 49.6 በመቶውን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። እኔ ይህን ቁጥር ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ፣ አንድ ተራ ትኩሳት ጎረቤቱን በሳምንት ለቆ እሱን ለምን ይጥለዋል የሚል ነበር።

ተላላፊ ሲባል ቫይረስ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያውም ጥገኛ ተሕዋሲያኑም አሉበት። ቫይረሱ ግን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ሥራ የለውም፤ ሲርበው ይውላል፤ እንቅልፉ የተዛባ ነው፤ ሲጋራና ጫት ያዘወትራል። የተራበና ያልተኛ ሰውነት ቫይረስን የሚከላከልበት አቅም ይደክማል። ቤት ውስጥ ታስሮ የሚውል ካለ ደግሞ ጤና ኬላው በር ላይ ቢሆንም አይደርስበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። እንበልና ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ወጣት «ደረቴን ወጋኝ፣ ውስጤ እሳት ነው» አለ። ቤተሰቡ «ደግሞ ጀመረው» ይላል። ጤና ጣቢያ ቢደርስ እንኳ ካርዱን ያየው ባለሙያ ሙቀቱን ሳይለካ ወደ አእምሮ ክፍል ይልከዋል። የሰውነቱ ሕመም በአእምሮው ሕመም ስም ተሸፍኖ ይቀራል። የአእምሮ ሕመሙ ራሱም የሰውነቱን ሕመም ምልክት ያደበዝዛል፤ አንዳንዱ ቁስሉን በደንብ አይናገርም፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይናገርም።

በተቃራኒው ደግሞ ቫይረስ ጤነኛውን ሰው የአእምሮ ታማሚ ሊያስመስለው ይችላል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ሌላውንም ዓለም ሲያምስ፣ ቦስተን ውስጥ ካርል ሜኒንገር የተባለ ወጣት ሐኪም ከኢንፍሉዌንዛው በኋላ አእምሯቸው የታወከ ሰዎችን መዝግቦ አሳተመ። ኤችአይቪም ሆነ የአንጎል ሄርፒስ እንዲህ ያደርጋሉ። ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገል የሚረጫቸው ኬሚካሎች አንጎል ድረስ ዘልቀው እንቅልፍን፣ ስሜትንና አስተሳሰብን ያናጋሉ። ስለዚህ ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ እያተኮሰው ከቃዠ፣ ጸበሉም ሆነ የአእምሮ ክፍሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ትኩሳቱ ይታይ።

አሁን ብዙዎች ወደማያውቁት ነገር እንምጣ፤ መድኃኒቱ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው አተኩሶት፣ አስመልሶትና አስቀምጦት የሰውነቱ ውኃ ካለቀ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማችና ይመርዘዋል። ለራስ ምታቱ ብሎ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲጨምርበት ይብሳል። ክሎዛፒንም ኃይለኛ ኢንፌክሽን ሲመጣ ጉበት በደንብ ስለማያስወግደው መጠኑ ይጨምራል። ካርባማዜፒን ደግሞ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ያዳክማል፤ ሁለቱን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ካልነገረ ቫይረሱ ሊያገረሽበት ይችላል። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንን የመሰሉ መድኃኒቶችም ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበትን ሥርዓት ይነካሉ። አልፎ አልፎ ከባድ ትኩሳት፣ የጡንቻ መገተርና መደናገር በአንድ ላይ ያመጣሉ፤ ይህን ጉንፋን ነው ብሎ ማሳደር ሕይወት ያስከፍላል።

መድኃኒቱን በፍርሃት ማቋረጥ ግን መፍትሔ አይደለም። ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ያገረሽበታል፤ ያገረሸበት ሰው ደግሞ ምግብም ሕክምናም እምቢ ይላል።

ኮቪድ ሲመጣ የቡታጅራው ነገር በዓለም ደረጃ ተደገመ። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው በእጅጉ እንደሚበልጥ አሳዩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስኪዞፍሬኒያንና ድብርትን በኮቪድ ለጽኑ ሕመም ከሚያጋልጡ ሕመሞች ዝርዝር ያስገባው ግን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወረርሽኙ ዓመት ከመንፈቅ ካለፈው በኋላ። የቡታጅራው ጽሑፍ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ሲያተኩሰው «አመሉ ነው» አትበሉ። የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ባለሙያውንም ሙቀቱን እንዲለካለት ጠይቁ።